መታወቂያ የሌላቸው የክርስትና እናቴ

አርብ፣ ሰኔ 6፤ አርብ ገበያ

ደከመኝ። የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የቁጠባና ብድር ማኅበራችንን መቅጣታቸውን ትናንት አሳወቁን። ብዙ አባላት የተመዘገቡት ያለ መታወቂያ ነው። እኛ ሰው የምናውቀው በአጥቢያው ነበር፤ የንስሐ አባቱ መጥተው «ልጄ ነው» ካሉ ማን መታወቂያ ይጠይቃል? «ይህ ማስረጃ አይሆንም» አሉን። እውነታቸውን ነው። ከዛሬ ጀምሮ መታወቂያ ለሌለው ሰው ከከፈልን ማኅበሩ ይዘጋል።

ዛሬ ገበያው ሞቅ ሲል ወደ ክፍያ ጠረጴዛዬ መጀመሪያ የመጡት የክርስትና እናቴ እማማ ጥሩነሽ ናቸው። ማሳቸው ታርሷል፤ ከቁጠባቸው አውጥተው የዘር ገብስ ሊገዙ ነው።

«እማማ፣ ያለ መታወቂያ መክፈል አልችልም» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ክርስትና ሳነሳሽ እኔ መታወቂያ ጠይቄሽ ነበር?»

ተሰልፎ የቆመው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ቀበሌ ሄደው እንዲያወጡ ነገርኳቸው። እዚያ ደግሞ ማንነታቸውን የሚመሰክር ሰው ይዘው መቅረብ አለባቸው። ይህንንም ነገርኳቸው፤ ምን ላድርግ?

ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና፣ «ይሁን ልጄ፤ እንግዲህ የሚያውቀኝ ሰው ፈልጌ እመለሳለሁ» አሉኝ።