ለብሪን የሚሆን ሮለር ኮስተር

ሜይ 9፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ቆሜ ዋልኩ። የአበባ ብናኙ የከተማውን ሰው ሁሉ እያስነጠሰ ፋርማሲያችን ደጃፍ አሰልፎታል። መድኃኒቴ ለምን አልደረሰም፣ ኢንሹራንሴ ለምን እምቢ አለ... የሚጮኹት እኔ ላይ ነው። እኔ ሂሳብ ተቀባይ ነኝ። ቤት ገብቼ እንደ ልማዴ ሙቅ ውሃ በሳፋ አቀረብኩ፣ ጨው በተንኩበት፣ እግሬን ነከርኩ። ቁርጭምጭሚት የሚባል ነገር የለኝም ዛሬ። አብጦ ጠፍቷል።

ብሪን ወጥ ቤት መጣች። ኮርንፍሌክሷን ቆማ ነው የምትበላው። አባቷን ካገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። እስከ ዛሬ ያነጋገረችኝ ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም። ፎጣ የት ነው። አባዬ ደወለ ወይ። ባሌ ዱዌን እንደሆነ የሐይቁ በረዶ ከቀለጠ ጀምሮ ተመልሶ እስኪጋገር የብረት ማዕድን የጫነ መርከብ ላይ ነው፣ ከሐይቅ ሐይቅ ሲዞር። ቤቱን ለሁለት ዝምተኞች ትቶ።

ዛሬ ግን ከስልኳ ቀና ሳትል፣ "መዝናኛ ፓርኩ ውስጥ ትሠሪ ነበር አይደል? ሮለር ኮስተሮቹ ጋ?" አለችኝ።

ድሮ፣ ኮሌጅ ሳለሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ አልኳት። ከዚያ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው። እናቷ ካሪሳ ከፊኒክስ በዓመት አንድ ጊዜ ትመጣለች፣ ለልደቷ። ሁልጊዜ ፓርኩ ነው የሚሄዱት። ካሪሳ እነዚያ ሽቅብ ቁልቁል የሚከንፉት ባቡሮች ላይ ትሳፈራለች፣ ብሪን ከታች ቦርሳ ይዛ ትጠብቃለች። "ፈሪዋ ልጄ ትለኛለች። በፍቅር ነው የምትለው" አለች። ጁን 20 አሥራ አራት ይሞላታል። ዘንድሮ ቦርሳ መያዝ አልፈልግም አለች። አንድ ብቻ፣ ግን የምር የሚያስፈራ አንድ... ከእናቷ ጎን ለመቀመጥ። በየቱ እንደምትጀምር እንድመርጥላት ትፈልጋለች።

ለአባቷ እንዳልናገር አስማለችኝ። እሺ አልኩ። ውሃው ቀዝቅዞ ነበር።

ሜይ 10፣ እሑድ

የእናቶች ቀን። ፋርማሲው ክፍት ነው። ገባሁ።

ሜይ 16፣ ቅዳሜ

የዛሬውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ሂሳብ እየመታሁ፣ መልስ እየሰጠሁ፣ በልቤ ስመርጥ ሰነበትኩ። ለጀማሪ የሚባለውን አውቃለሁ። ዝቅ ያለ። የማይገለብጥ። ፍጥነቱ መጠነኛ የሆነ። በዚህ ስሌት ፓርኩ ውስጥ አንድ ብቻ ነው ያለው፦ አሮጊቷ ሃና። የእንጨቷ ሮለር ኮስተር። ያኔ የሠራሁባት። "ፈሪ ሰው የሚለማመድባት ናት፣ እንደ ዥዋዥዌ" አልኳት ብሪንን። እንዲህ ብዬ ነው የነገርኳት፣ በዚህ አፌ።

ዛሬ ፓርኩ በር ላይ የድሮ ወዳጄን ቬርንን አገኘነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ኑሮው እዚያው ነው። የሮለር ኮስተር ወዳጆች ማኅበር የሚሉት አላቸው፣ ቤተሰቡ እሱ ነው። ጀማሪ ይዤ መምጣቴን ሲሰማ ፊቱ በራ። ማኅበሩ ልማድ አለው፦ ጀማሪ ሲመጣ የመጨረሻው ወንበር ይለቀቅለታል። የክብር ቦታ ነው፣ አባላቱ ራሳቸው ተሰልፈው የሚጠብቁት። ባቡሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከፊት ያሉት ቀስ ብለው ያጎነብሳሉ፤ የኋለኞቹ ግን ተጎትተው ይወረወራሉ። ከወንበር ያነሳል። እኛ የምንወደው እሱን ነው።

እኛ! ስለ እሷ አሰብኩ? አላሰብኩም። ክብር ሰጧት፣ እኔ ተቀበልኩላት። እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ራሴ ናፍቆኝ ነበር፣ እውነቱ እሱ ነው።

የሃና የጭን ብረት ለሁለት ሰው አንድ ነው። ወርዶ የኔ ጭን ላይ አረፈ፣ እዚያው ቆመ። የብሪን ጭን ቀጭን ነው... በመሃል ዳቦ የሚያህል ክፍተት። ታስሮ ካበቃ በኋላ ነው ያየሁት። በየጉብታው ከወንበሯ ስትነሳ አያታለሁ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ስንመለስ ቬርንና ጓደኞቹ ቆመው አጨበጨቡ፣ ለጀማሪ ይጨበጨባል፣ እሱም ልማድ ነው። ደግፌ አወጣኋት፣ በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሃል እያለቀሰች።

መኪና ውስጥ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ዥዋዥዌ ነው ያልሽኝ።"

ሜይ 17፣ እሑድ

አላነጋገረችኝም። ዱዌን ከዱሉዝ ወደብ ደወለ። እንዴት ናችሁ ሁለታችሁ? ደህና ነን። ሌላ ምን ይባላል?

ሜይ 21፣ ሐሙስ

ደከመኝ።

ማንም አያየውም፣ ልጻፈው። ለማን ነው የምደክመው? ዓመቱን ሙሉ ልብሷን የማጥበው፣ የጥርስ ሐኪም የማመላልሳት፣ ሲያስላት ሽሮፕ ይዤ ደጇ ላይ የምቆመው እኔ። በዓመት አንድ ቀን መጥታ ፎቶ ተነስታ የምትመለሰው ሌላ። ያችንም አንድ ቀን እኔው ላሳምርላት? ቅናት ነው። በደንብ አድርጎ ቅናት ነው። ካሪሳ ምንም አላደረገችኝም፣ ለገና ካርድ እንኳ ትልክልኛለች።

ግን ልጅቷ የጠየቀችው እኔን ነው። ያውም አበላሸሁት።

ሜይ 25፣ ሰኞ

በዓል ነው፣ ሥራ የለም። ብሪንን ከጓደኛዋ ቤት አመጣኋት። መኪና ውስጥ ይሻላል፣ ፊት ለፊት መተያየት የለም። የመጨረሻው ወንበር ላይ ማስቀመጥ እንዳልነበረብኝ ነገርኳት። ብረቱን ሳላይ መቅረቴንም። ዥዋዥዌ ማለቴንም። በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ታያለች።

"የቱ ጋ ነው የባሰብሽ?" አልኩ። ቁልቁለቱ ትላለች ብዬ ነበር።

"ዳገቱ" አለች።

"ዳገቱ?"

"ሰንሰለቱ ወደ ላይ ሲጎትተን፣ ቀጭ ቀጭ ሲል። በየቀጩ ልውረድ፣ አሁን ልውረድ እላለሁ። መውረጃ የለም። ሰው ሁሉ ይስቃል፣ እኔ አስባለሁ። መውደቁማ... ከጀመረ በኋላ ማሰቢያ ጊዜም የለው።"

መንገዱን ልስት ነበር። ስንት ዓመት እዚያ ቆሜ ሰው ሳሳፍር፣ የቱ ጋ ነው የሚያስፈራህ ብዬ አንድ ሰው ጠይቄ አላውቅም። ቁመት እናወራለን፣ ፍጥነት እናወራለን። መጠበቁን ማን አስቦት?

ሰንሰለት የሌለው አንድ አለ። የሰሜን ነፋስ። ግን እሱን ለጀማሪ... የሃናን እጥፍ ነው። በስሌቱ ከሄድን ከሁሉም በኋላ የሚመጣው እሱ ነው። እስክንደርስ ድረስ ልናገር አልናገር ስል ቆየሁ። ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ተናገርኩት።

"አልዋሽሽም" አልኳት። "ከሃና በጣም ይረዝማል። በጣም ይፈጥናል። አንድ ጊዜ ይገለብጥሻል። ሰንሰለት የለውም። ከቆመበት ይወነጨፋል፣ ሆድሽ ጣቢያው ላይ የቀረ ይመስልሻል። ጥርስሽን ቦርሸሽ ሳትጨርሺ ያልቃል።"

"መያዣውስ?"

"ለየራስ ነው። የኔ ውፍረት አንቺን አይመለከትሽም።"

ሳቀች። ትንሽ ነው፣ ግን ሳቅ ነው።

ጁን 6፣ ቅዳሜ

ለማየት ብቻ ሄድን። ኮምጣጤ የፈሰሰበት የድንች ጥብስ ይዘን የሰሜን ነፋስ መውጫ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እኔ ባቡሩን አያለሁ፣ እሷ የሚወጡትን ሰዎች ፊት። ያኛው ገርጥቷል። ያቺኛዋ ትስቃለች። አንዱ ኮፍያው ጠፍቶበት ይፈልጋል። አንድም የሞተ የለም አለች በመጨረሻ። ከዚያ ሰልፉን ይዘን እስከ ባቡሩ ደጃፍ ወጣንና፣ ሳንሳፈር በጎን ባለችው በር ወረድን። የፈሪ በር ነው የምንላት። ሠራተኞቹ ለምደውታል፣ ቀናም አይሉ።

ቬርን ከታች ጠበቀኝ። ተቆጥቷል።

"ሮዳ፣ አንቺ ልጅ፣ ለጀማሪ የሰሜን ነፋስ? ሕፃን በሥጋ ጥብስ ጡት ታስጥያለሽ?"

"ቬርን፣ አንተ መጨረሻ የፈራኸው መቼ ነው?"

ጺሙን አከከ። አላስታውስም አለ። እኔም እንደዚያው ነኝ፣ ለዚህ ነው ሁለታችንም የማናውቀው አልኩት። አኩርፎ ወደ ሃና ሄደ፣ የመጨረሻው ወንበር ሳይያዝበት።

ብሪን ዛሬ አይደለም አለች። እሺ አልኩ። መኪናው ጋ ስንደርስ "እሺ ብቻ?" አለችኝ።

"እሺ ብቻ።"

ጁን 13፣ ቅዳሜ

ዝናብ። አልሄድንም። የሐይቁ ዝንቦች ወጡ፣ የዓመቱ ወረራ። የፋርማሲውን ደጃፍ በአካፋ ነው የጠረግነው፣ ጫማ ሥር እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻሉ። አዲሱ ሠራተኛችን ከመስኮት ሲያራግፍ አንገትጌዬ ውስጥ ገቡ። እዚህ ተወልጄ ሃምሳ ዓመቴ፣ አሁንም ይዘገንነኛል።

ምሽት ብሪን በሩ ላይ ቆመች። ባቡሩ ላይ አፍ ውስጥ ይገባሉ ወይ? ይገባሉ፣ አልዋሽሽም አልኳት። ያስጠላል ብላ ሄደች።

በቃ ትታዋለች ማለት ነው?

ጁን 19፣ ዓርብ

ካሪሳ ሆቴል ገብታለች። ነገ በሩ ሲከፈት ፓርኩ ደጃፍ ይገናኛሉ። ብሪን እስካሁን የሰሜን ነፋስ ላይ አልወጣችም። ቦርሳ ይዛ ትቆማለች ወይ ደግሞ እናቷ ፊት እንደዚያን ቀን ታለቅሳለች... ሁለቱንም ማሰብ አልፈልግም። ከሥራ ስመለስ ደረጃውን በእጄ ተደግፌ ነው የወጣሁት።

እግሬን ነክሬ ተቀምጬ ሳለሁ መጣች። የዓመት ትኬት ያለው ሰው በሩ ከመከፈቱ በፊት ይገባል አይደል? አዎ፣ ቀድሞ ይገባል።

"ጠዋት እንሂድ። አንቺና እኔ።"

ጠዋት ተረኛ ነኝ። ደውዬ በእሑድ ቀየርኩ፣ ለዕረፍት የቀረችኝን አንዲት ቀን። ከዚያ መጠየቅ ያለብኝን ጠየቅኩ፣ ከልቤ ነው የጠየቅኩት፦ የመጀመሪያሽ ከእናትሽ ጋር ቢሆን አይሻልም ወይ? ይህ ሁሉ ለዚያ አልነበረም?

ጠዋት እነግርሻለሁ አለች።

ጁን 20፣ ቅዳሜ

ፓርኩ ጠዋት ሐይቅ ሐይቅ፣ የሞተ ዝንብ የሞተ ዝንብ ይሸታል። ሰው የለም። እንደ ተለማመድነው ወጣን። የፈሪ በር ጋ ስትደርስ ቆመች፣ አየቻት። አለፈቻት። መካከለኛው ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ ፊትም አይደል መጨረሻም አይደል። መያዣዋ ወረደ። እጄን ሰድጄ ፈተሽኩት፣ ዛሬ ክፍተት የለም።

ያኔ ነው የነገረችኝ። ፊት ፊቱን እያየች።

"ከእሷ ጋር ከሆነ መሳቅ አለብኝ። እጄን ማንሳት አለብኝ፣ ቪዲዮ ትቀርጻለች። ካንቺ ጋር መፍራት እችላለሁ።"

ባቡሩ ተወነጨፈ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮኸች፣ ያለ ምንም ይሉኝታ፣ የሹራቤን እጅጌ እስኪተረተር ይዛ። እኔም ጮህኩ። ለፍጥነቱ አይመስለኝም። ሲቆም ፊቷ እንባም ሳቅም ነው፣ ጥርሷ ላይ የዝንብ ክንፍ ተለጥፏል።

"ገባ" አለች። "ነግረሽኛል።"

ካሪሳ ደጃፉ ላይ እጇን ዘርግታ ጠበቀቻት። አቀፈቻት፣ ዞራ እኔንም አቀፈችኝ። ፈሪዋ ልጄ፣ ዘንድሮስ? አለቻት። ብሪን የሰሜን ነፋስ ላይ እንውጣ ስትላት ካሪሳ ስልኳን መዘዘች፣ የመጀመሪያሽን ከኔ ጋር ልትወጪ ነው ብላ። በልቤ ብሪንን ዋሺ አልኳት። ምን አለበት፣ አዎ በይ፣ ልደትሽ ነው።

"የመጀመሪያዬ አይደለም፣ እማዬ። ጠዋት ከሮዳ ጋር ወጥቻለሁ።"

የካሪሳ ፊት ጠወለገ። እኔን አየችኝ። ደስ አላለኝም። ሳምንታት ሙሉ የቀናሁባት ሴት ፊት ሲጠወልግ ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፣ ጭራሽ። ከዚያ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና፣ "ያስፈራል?" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። እሷም ያንን ወጥታው አታውቅም ለካ።

በጣም፣ አለች ብሪን። ሁለቱን ቦርሳ ለእኔ ሰጥታ እናቷን በእጇ ይዛ ወደ ሰልፉ ወሰደቻት። አግዳሚዋ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። ብሪን ስንት ዓመት እንዲህ ተቀምጣ እንደነበር አሰብኩ። ቦርሳ መያዝ ይከብዳል፣ ቦርሳው ቀላል ቢሆንም።

እራት ከእናቷ ጋር በልታ መጣች። እኔ ወንበር ላይ ነኝ፣ ጫማዬ አልወልቅ ብሎኝ ስታገል። ነገ ሥራ ነኝ፣ በቀየርኩት። ወጥ ቤት ገብታ ውሃ ስትጥድ ሰማሁ፣ ለራሷ ሻይ መስሎኝ። ሳፋውን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። ጨውም በትናበታለች፣ ከሚያስፈልገው በላይ። እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

"አልዋሽሽም" አለች። "መጀመሪያ ያቃጥላል።"

አቃጠለ። አላወጣሁትም።