ምስር ስላረረ ልጄን መልሰው ለጠሩት የጦር ሰፈር አዛዥ

መና ከሰማይ አውርዶ ሕዝቡን ያለ አብሳይ በመገበ በልዑል እግዚአብሔር ስም የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ክቡር ሆይ፤ ለመሆኑ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ በደረትዎ ላይ የተደረደሩት ኒሻኖችስ ደህና ናቸው? ከሁሉ ይልቅ ስለ ሆድዎ ደኅንነት ማለዳ ማለዳ አጥብቄ እጸልያለሁ፤ ምክንያቱንም ወረድ ብዬ እገልጣለሁ። እኔ ዕድሜዬን በዳዊትና በመጻሕፍት መካከል የፈጀሁ፣ ከምርኩዜ በቀር መሣሪያ ይዤ የማላውቅ ሽማግሌ ነኝ። ክቡርነትዎ እንጨት ሲልግ የነበረውን አንድ ልጄን ለሁለት ዓመት ብለው ወስደው፣ ከእጅዎ ቸርነት የተነሣ አራት ዓመት አኑረው፣ በቅርቡ በክብር አሰናብተውልኛል። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ መልሰው እንደሚፈልጉት የሚገልጽ ትእዛዝ ልከዋል። ስለዚህ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ብዕር ሳነሣ፣ ጥቂት አቤቱታ ቢቀላቀልበት እንደ ጨው ይቁጠሩልኝ።

አንደኛ፦ አናጺ ወስደው አብሳይ ስለመለሱልኝ እጅ እነሣለሁ። ልጄ ወደ እርስዎ ሲመጣ ስለ ጭልፋ የሚያውቀው ነገር ቢኖር እናቱ ስትቆጣ የምታነሣው መሆኑን ብቻ ነበር። የጠመንጃ አያያዙን ያዩት አለቆቹ ግን ለአገር ደኅንነት ሲሉ ወደ ማድ ቤት እንዳዞሩት ራሱ አጫውቶኛል። ዛሬ መጋዙ ዝጎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ እርሱም በሰፈሩ ሰው «ሻምበል ጭልፋ» ተብሎ ተሾሟል። ሹመቱ ያለ ክቡርነትዎ ፊርማ የተሰጠ ስለሆነ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሁለተኛ፦ ለሦስት መቶ አፍ ሲያበስል ስለኖረ ከዚያ ያነሰ መጠን እጁ ላይ አይመጣለትም። በመጣ ሰሞን ለአምስት ሰው እራት ልሥራ ብሎ ገብቶ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ እሳት ላይ ጣደው፤ የሚመጥነው ማማሰያ ቢያጣ ለበር ካስቀመጠው ጣውላ አንዱን ልጎ እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ያዘው። ምራቴ «አንተ ሰውዬ፣ አምስት ነን እኮ! አምስት!» ብትለው «በትንሽ ድስት ውስጥ ጨው አይታየኝም» አላት። በግድ ትንሽ ድስት ያስያዝነው ቀን የሎጥን ሚስት የቀመስን መስሎን ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ስንጠጣ አደርን። ከዚያ ወዲያ እጃችንን ሰጠን። አሁን ጫማ ሰፊው፣ ልብስ ሰፊዋ ከነልጆቿ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛና ሌላውም ጎረቤት፣ አንዱ ምስር፣ አንዱ ማገዶ፣ አንዱ ሽንኩርት እየያዘ ይመጣና ሳህኑን ይዞ በቁመት ይሰለፋል፤ በቁመት ካልተሰለፉለት የልጄ ጭልፋ አይነሣም። ጌዴዎን ብዙውን ሠራዊት አሰናብቶ በሦስት መቶ ሰው እንደዘመተ መጻሕፍት ይነግሩናል፤ ያን ሦስት መቶ ሰው ማን እንዳበላው ግን አይነግሩንም። እኔ ይኸው በስተርጅና ተገለጠልኝ።

ሦስተኛ፦ ባለቤቴ አርባ ዓመት ከነገሠችበት ማድ ቤት ወርዳ ሽንኩርት እንድትልጥ ተመድባለች። «ለመሆኑ የእኔ ማዕረግ ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቀው «ምክትል» አላት፤ የማን ምክትል እንደሆነች ግን እስካሁን አልነገራትም። ስታለቅስ ባየኋት ጊዜ ደነገጥሁ፤ ሽንኩርቱ ነው አለችኝ፤ እኔም ለትዳሬ ስል አመንኋት።

አራተኛ፦ ይህችን በዝግታ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ። አዲስ ሚስት ያገባ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ወደ ሰልፍ ሳይወጣ ቤቱ ተቀምጦ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ኦሪት ታዝዛለች። ልጄን የወሰዱት ግን ዓመቱ ገና ሳይጋመስ ነው። ምራቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እርሱም የሕፃን አልጋ ጀምሮ ሦስት እግር አቁሞ አራተኛውን ሳያቆም ተነሣ። ለፈቃድ ስመጣ እጨርሰዋለሁ ብሎ ነበር። ፈቃድ በጠየቀ ቁጥር «አንተ ከሄድክ ምስሩን ማን ይሠራዋል?» እየተባለ ቀረ፤ እጁ እየጣፈጠ ሲሄድ የቤቱ መንገድ እየረዘመ ሄደ። በሙያው ማማር ምክንያት የታሰረ ሰው በመጻሕፍት ብፈልግ አላገኘሁም። በመጣ ማግስት አራተኛውን እግር ተክሎ አልጋውን አቆመው፤ ልጅቱ ግን ቁመቷ አልፎት ነበርና ድመቷ ተኛችበት። አባቷንም «እንግዳው» ነበር የምትለው። ማታ ማታ የእናቷን ቀሚስ ሳብ አድርጋ «እንግዳው መቼ ነው የሚሄደው?» ስትል እርሱ እየሰማ ጭልፋውን ያጥባል። ባለፈው ሳምንት ግን ከሰልፉ ፊት ቆማ ሳህኗን ዘርግታ «አባዬ፣ ለእኔ ጨምርልኝ» አለችው። ሦስት መቶ ሰው ሲያበላ ጠብታ ያላፈሰሰ ሰው ያን ዕለት ግማሹን መሬት ላይ ደፋው።

የክቡርነትዎ ትእዛዝ የደረሰን በማግስቱ ነው። «ለአስቸኳይ አገራዊ ጉዳይ እስከ መጪው ሰኞ ሪፖርት ያድርግ» ይላል። ባለቤቴ ትእዛዙን ያመጣውን ባለ ሪዝ አሥር አለቃ «ምነው ልጄ፣ ጦርነት ተነሣ እንዴ?» ብትለው አንገቱን ደፍቶ «ጦርነትስ የለም እናቴ፤ ምስሩ አርሮ ነው» አላት። አዲሱ አብሳይ ድስቱን በየቀኑ እንደሚያሳርርና ክቡርነትዎም በጠረጴዛዎ መሳቢያ ብስኩት ማኖር እንደጀመሩ የሰማነው ከእርሱ ነው። ዔሳው ከዱር ደክሞ በመጣ ጊዜ ስለ ምስር ወጥ ብኩርናውን ሸጠ፤ ሊቃውንትም እስከ ዛሬ ይነቅፉታል። እርሱ ግን፣ ልብ ይበሉልኝ፣ የሸጠው የራሱን ነበር። ክቡርነትዎ ስለዚያው ምስር የሚጠይቁት የአንዲት ሕፃን አባት ነው።

የሚገርመው ልጄ ራሱ ነው። ይህን ከሰማ ጀምሮ «እነዚያ ያረረ እየበሉ ለእኔ እንዴት ይወርድልኛል?» እያለ ጭልፋውን በጨርቅ ጠቅልሎ በር ሥር አስቀምጧል። ምራቴ ጥቅልሉን ትፈታዋለች፤ እርሱ መልሶ ይጠቀልለዋል። በልጄ አልፈርድም፤ በዚያ ሰልፍ የሚቆሙት ሁሉ አባትና እናት ያላቸው ናቸው፤ አገር መጠበቅም ጽድቅ ነው።

ስለዚህ አንድ ምክር አቀርባለሁ። እሴይ ለልጆቹ እንጀራ፣ ለሻለቃቸውም አሥር አይብ ትንሹን ልጁን ዳዊትን አሸክሞ ወደ ጦሩ ሰፈር ላከ። ዳዊት ስንቅ ሊያደርስ ሄዶ ጎልያድን ገጠመ፤ ወደ በጎቹም እንደ ድሮው አልተመለሰም። እኔም ከእሴይ ተምሬ ስንቁን እልካለሁ፣ ልጁን አልልክም። አንድ ትልቅ ድስት ምስር በአሥር አለቃው እጅ ይደርስዎታል። አዲሱን አብሳይ ደግሞ ወደ እኛ ይላኩት፤ ልጄ ያስተምረዋል፤ ማዕረጉ ከባለቤቴ በታች ሆኖ ከሽንኩርቱ ይጀምራል። እጁ ሲቀና ወታደሮቹም ይጠግባሉ፣ የልጅ ልጄም አባቷን ዳግመኛ እንግዳ አትለውም። ልጄ ሰኞ ከበርዎ አይገኝም፤ የሚጠየቅ ካለ አባቱ እኔ ነኝ። ሰው የግድ ካስፈለገም እኔው እመጣለሁ። ምስር ማብሰል አልችልም፤ ይህም ከአሁኑ አብሳይዎ ጋር እኩል ያደርገኛል።

ማዕድዎን ከማረር፣ ቤትዎን ከመለያየት ይጠብቅልዎ፤ ልጆችዎ በስምዎ ሳይሆን «አባዬ» ብለው የሚጠሩዎ ያድርግዎ፤ ይህን የሚያነብ ሁሉ ከነቤተሰቡ ተሰብስቦ የሚበላበት ጤናና ሰላም ይስጠው፤ አሜን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የሻምበል ጭልፋ አባት፣ የምክትሏ ባል፣ በቁመት ሰልፍ ከመጨረሻው ሁለተኛ

ማሳሰቢያ፦ ድስቱ ስለ ምን እንደዘገየ ቢገረሙ፣ ባለ ሪዙ አሥር አለቃ መልሱን ይዤ ልሂድ ብሎ ለምሳ እንደተቀመጠ እስከ ዛሬ አልተነሣም። መቼ እንደሚመለስ ስጠይቀው «አባት፣ ይቺን ልጨርስና» ይለኛል፤ ይቺ ግን አታልቅም። ልጄን የሚወስድ ሌላ ሰው የሚልኩ እንደሆነ፣ እባክዎን በልቶ የጠገበ ይላኩ፤ ካለዎት።