ለአንተ ያልተነፋው ጡሩምባ

አባዬ፣

እኔ ማህሌት፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ሙሉ ጤንነት እያለኝ፣ የሚከተለውን የእምነት ቃሌን እሰጣለሁ። ባለፈው ሰኞ እማዬ ሥራ በሄደችበት ሰዓት አልጋዋ ሥር ገብቼ፣ በጋቢህ ተጠቅልሎ የተኛውን ጡሩምባህን አውጥቻለሁ። ባዶው ጋቢ እንዳያሳብቅብኝም በምትኩ የአቧራ መምጠጫ ማሽኑን ቱቦ ጠቅልዬ አስተኝቻለሁ። ቁመቱ ልክክ ነው ያለው። ድርጊቱን የፈጸምኩት ለበጎ ዓላማ ስለሆነ፣ ቅጣት ቢመጣ ካለህበት ሆነህ እንድታማልደኝ ከወዲሁ አመለክታለሁ። እማዬን ማብረድ በቁምህም እምብዛም አልሆነልህም፤ ግን ሌላ ማን አለኝ?

ከተለየኸን ዓመት አልፏል። ሙት ዓመትህንም አውጥተናል፤ ሰው በልቶ አመስግኗል፣ እትዬ ብዙነሽ ደግሞ በልታ ወጡ ጨው በዛበት ብላለች። ያቺን ትንሽ ከተማችንን ለቀን ሮም ገብተናል። ቤታችን ከቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የሚሠራው ደስ ሲለው ብቻ። እማዬ ለሥራዋ ቀረበች። እኔ በቁመት አልፌያታለሁ፤ እሷ ግን «ጫማሽ ነው» ትላለች። ፔርሜሶህ፣ የመኖሪያ ፈቃድህ፣ እስካሁን መሳቢያው ውስጥ አለ። ጊዜው ሳያልቅ ነው የሄድከው፤ ወረቀት ሲቀድምህ ኖሮ አንተ ወረቀት ስትቀድም ይሄ የመጀመሪያህ ነው።

እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። ስምህንም አትጠራም። «አባትሽ» ትላለች፣ «እሱ» ትላለች፣ አንዳንዴ ምንም ሳትል በአገጯ ወደ ፎቶህ ትጠቁማለች። ደምሴ የሚለው ስም ከቤታችን ከወጣ ቆየ።

ጡሩምባውን ለምን እንደወሰድኩ ልንገርህ። ነገ እሑድ የፈቃደኛ እሳት አደጋ ጣቢያችሁ ታሪኩ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። አለቃህ ሲኞር ቱልዮ፣ ያ ጢሙ ከእሱ ቀድሞ በር የሚገባው ጓደኛህ፣ ስልክ ደውሎ «አሎራ፣ እንግዲህ፣ የእናንተን የሐበሾቹን ክፍል አንቺ ጽፈሽ ታነቢያለሽ» አለኝ። አምስት ደቂቃ ሰጡኝ። ለራሳቸው ስንት እንደሰጡ አልጠየቅኩም፤ ምሳ ይዘን እንደምንሄድ ግን ለእማዬ ነግሬያታለሁ።

በጣሊያንኛ የጻፍኩት ጨዋ ነው። ለአንተ ግን እንደወረደ ልጻፍልህ።

ጣቢያው የተመሠረተው የከተማዋ የወይራ መጭመቂያ በተቃጠለ ማግስት ነው። የሮም እሳት አደጋ መኪና ዳገቱን ወጥቶ እስኪደርስ ያመጡት ውሃ ለሻይ ካልሆነ ለምንም የሚጠቅም አልነበረም። እስከዚህ ድረስ ሽማግሌዎቹ ይስማማሉ። ከዚህ በኋላ መሥራቹ የቱልዮ አባት ነው የሚሉና የጸጉር አስተካካዩ አጎት ነው የሚሉ ሁለት ወገኖች አሉ፤ አርባ ዓመት ሙሉ አንዱ ወገን ሌላው ቡና በሚጠጣበት ባር አይገባም። የመጀመሪያው መኪናቸው የወይን ጠጅ ማመላለሻ የነበረ ቦቴ መሆኑን ሁለቱም ያምናሉ። ታንከሩ በደንብ ስላልታጠበ በዚያ በጋ ያጠፉት እሳት ሁሉ ወይን ወይን ይሸት ነበር ይባላል። ቱልዮ ይሄንን ሲያወራ ሁልጊዜ «እሳቱ ራሱ ሰክሮ ነው የተኛው» ይላል። ሁልጊዜ፣ አባዬ። አንተም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ትስቅለት ነበር፤ እኔ ነኝ ፊቴን የማዞረው።

ከዚያ ታሪኩ ወደ አንተ ይመጣል።

አያቴ አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈሩ እድር ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ሲያርፉ ወንድሞችህ ቤቱን ተካፈሉ፣ ለአንተ ጡሩምባው ደረሰህ። ከበርበሬና ከሽሮ ጋር ሻንጣ ውስጥ ተጭኖ ሲመጣ እማዬ «ቤቱ ቢቀር አንድ በሩን እንኳን አይልኩልህም?» አለችህ። አንተ አወዛውዘህ አየኸው፣ አበስከው፣ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥከው። ጣሊያን አገር እድር የለ፣ ለማን ይነፋል?

ያ የነሐሴ ሐሙስ ከሰዓት ነበር። ጥርሴን የምነቅልበት ዕድሜ ላይ ስለነበርኩ ግማሹን አስታውሳለሁ፣ ግማሹን ደግሞ አንተ እስኪሰለቸኝ ነግረኸኛል። ከተማዋ በሙሉ ምሳዋን በልታ ተኝታለች። ውሻው ሳይቀር ተኝቷል። አንተ እኔን ትከሻህ ላይ አድርገህ ከታች ከወይራው ማሳ ጭስ ሲነሳ አየህ። ጣቢያው ሮጥክ፤ ተዘግቷል። ሲረናው፣ የአደጋ ጥሪ ጩኸቱ፣ በእጅ የሚዞር ነበር፤ ስታዞረው እጀታው ተነቅሎ በእጅህ ቀረ። የቱልዮን በር ደበደብክ፤ ከውስጥ የሚሰማው ማንኮራፋት ነው። እሳቱ ወደ ቤቶቹ ይወጣል።

ያኔ ነው ቤት ሮጠህ ጡሩምባውን ያወረድከው። አደባባዩ መሃል ምንጩ አጠገብ ቆምክ። ነፋኸው።

ከጣሊያኖቹ አንድ መስኮት የከፈተ አልነበረም። ሐሙስ ከሰዓት ግን በየቤቱ ሽማግሌና አሮጊት የሚጦሩት የእኛ ሴቶች የዕረፍት ሰዓታቸው ነው፤ መናፈሻው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የጡሩምባ ድምፅ ሰሙ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አገር። አንድም ሰው ምንድነው ብሎ አልጠየቀም። እትዬ ብዙነሽ ለክፉ ቀን ብላ ከቦርሳዋ የማትለያትን ነጠላ አውጥታ አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ሌሎቹ ሻሻቸውን አሰሩ፤ ደረታቸውን እየመቱ ቁልቁል ወረዱ። እትዬ ብዙነሽ ሙሾ ጀምራለች። «አንተ ደግ፣ አንተ ሩህሩህ» እያለች አደባባዩን ሁለቴ ዞረችውና ጆሮህ ሥር መጥታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለመሆኑ ማነው የሞተው?» አለችህ።

አንተ ወደ ማሳው ጠቆምክ። «ማንም አልሞተም፤ ዝም ካልን ግን ይሞታል።»

ቱልዮን የቀሰቀሰው እንግዲህ ለቅሶው ነው። በውስጥ ልብሱ በረንዳ ላይ ወጥቶ፣ ደረታቸውን የሚመቱ ሴቶች ሲያለቅሱ ቢያይ ሰው የተቃጠለ መስሎት እሱም ማልቀስ ጀመረ። እያለቀሰ ሱሪውን አጠለቀ፣ እያለቀሰ ቦቴውን አስነሳ። ቦቴው በጠባቡ መንገድ ተቀርቅሮ ቀረ። ያን ጊዜ ለቅሶ የመጡት ሴቶች ከምንጩ እስከ ማሳው ተሰልፈው ባልዲ ተቀባበሉ። እትዬ ብዙነሽ ነጠላዋን ውሃ ነክራ እሳቱን ትገርፈው ነበር፤ ሙሾዋን ግን አላቋረጠችም፣ ስድብ አደረገችው እንጂ። ያ ነጠላ ጥለቱ እንደጠቆረ ዛሬም ጣቢያው ግድግዳ ላይ አለ። እሷ በሄደች ቁጥር ሰው ታሪኩን እስኪጠይቃት ድረስ ከሥሩ ትቆማለች።

ማታ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ቱልዮ አንተን አደባባዩ ላይ አስቀምጦ «እነዚህ ሴቶች ለምን እያለቀሱ መጡ?» ብሎ ጠየቀህ። አንተም በዚያ በተሰባበረ ጣሊያንኛህ፣ እኛ አገር ይሄ ሲነፋ ሰው የያዘውን ጥሎ ይወጣል፣ የማን ነው ብሎ የሚጠይቀው ከወጣ በኋላ ነው አልከው። ቱልዮ ጢሙን አሻሸ። «አሎራ» አለ፣ «እኛ የጠፋብን ይሄ ነው።» ሲረናው ከዚያ ወዲህ አልተጠገነም። ለአንተ የደንብ ልብስ ሰጡህ፤ ሱሪው ቁርጭምጭሚትህ ጋ አልደረሰም፣ አንተ ግን ለቤተ ክርስቲያን ካልለበስኩት ብለህ ከእማዬ ጋር ተጣላህ። እስክትታመም ድረስ በዚያች ከተማ እሳት በተነሳ ቁጥር የተሰማው የአንተ ጡሩምባ ነበር።

አምስት ደቂቃው እዚህ ያልቃል። የማላነበው ክፍል ግን አለ፤ አልጽፈውም ብዬ ነበር።

አንተ ስታርፍ ማንም አልነፋልህም። ለስንቱ ስትነፋ ኖረህ፣ የአንተ መርዶ በዋትሳፕ ነው የሄደው። አንዱ ሰው አልፎ ተርፎም የሚያለቅስ ፊት ላከ። ቱልዮና ጓደኞቹ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ፣ ሄልሜታቸውን ታቅፈው እንደ ምሰሶ ቆሙ፣ ንፍሮውን እያለቀሱ ጨረሱት። ጡሩምባው ግን አልጋ ሥር ነበር። እማዬም ያኔ ነው ስምህን መጥራት ያቆመችው።

አሁን ደግሞ ነገ ከምረቃው በኋላ መስታወት ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይቆለፍበታል፤ ነፊ የለውማ። ቱልዮ ባለፈው ሊጠይቀን ሲመጣ ሞክሮታል። ፊቱ ቲማቲም መሰለ፣ ጢሙ ተንቀጠቀጠ፣ ድምፅም ወጣ፤ ከጡሩምባው ግን አልነበረም። እማዬ ተቀብላ በጋቢው ጠቀለለችው። «ይሄን የሚነፋ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሄደ። መስታወቱ ውስጥ ይግባ።» እኔ ልንፋው ስላት ደነገጠች። «አንቺ? ሞት ልትጠሪብኝ ነው? የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»   ሰኞ ግን አልጋው ሥር ገባሁ።

ከትምህርት ቤት መልስ ሐዲዱ ከሚያልፍበት ድልድይ ሥር እየሄድኩ ተለማመድኩ። ባቡር ሲያልፍ እነፋለሁ፣ ባቡር ሲሄድ አቆማለሁ። ማክሰኞ የወጣው የበግ ድምፅ ነው። ረቡዕ በጓ ታመመች። ሐሙስ ግን ከንፈርህን እንዴት ታደርግ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ ትኩስ ሾርባ ላይ እፍ እንደሚል ሰው ሳይሆን፣ እኔን ሊቆጣ ፈልጎ ሳቁን እንደያዘ ሰው። እንደዚያ አደረግኩ። ባቡሩ አልፎ ነበር፤ ድልድዩ በሙሉ ጮኸ።

አንድ የማላውቀው ሐበሻ ቦርሳውን አዝሎ ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ሲሄድ ነበር። ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። «እህቴ፣ ማን አርፎ ነው?» አለኝ።

ልምምድ ነው ልለው ነበር። አፌ ግን «ደምሴ» አለ። «አባቴ ነው። ደምሴ።»

«ነፍስ ይማር» አለና ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ አጠገቤ ቆመ። መቼ ብሎ አልጠየቀኝም። አውቶቡስ ያመለጠው ይመስለኛል። እኔ እንደምታውቀው አላለቅስም፤ አቧራው ነበር።

ስለዚህ አባዬ፣ ቃል የምገባልህ ይሄንን ነው። ነገ እማዬ ጡሩምባውን ልታስረክብ እጇን ስትዘረጋ ቀድሜ እነጥቃትና አደባባዩ ላይ፣ አንተ በቆምክበት ምንጭ አጠገብ እነፋዋለሁ። ከዚያ የእድር ጡሩምባ ነፊ የሟቹን ስም እንደሚጠራው ስምህን እጠራለሁ። መስታወቱን ከቆለፉት በኋላም በየዓመቱ ሄጄ አስከፍተዋለሁ፤ ቁልፉ ቱልዮ ጋ ነው የሚቀመጠው፣ ቱልዮ ደግሞ እንዴት እንደሚተኛ ሁለታችንም እናውቃለን። እማዬ ትቆጣለች፤ ትቆጣ። እሷ ስምህን መጥራት እስክትችል ድረስ እኔ እጠራልሃለሁ።

ጡሩምባውን ማታ እመልሰዋለሁ። አሁን ጉልበቴ ላይ ነው፤ በአንድ እጄ እየያዝኩት ነው የምጽፍልህ። እማዬ ከገበያ ገብታለች፤ ዕቃ ስታስቀምጥ ይሰማኛል። ዛሬ ቅዳሜ

ቅዳሜ። ቅዳሜ እኮ ቤት የምታጸዳበት ቀን ነው።

ማሽኑን ከቁም ሳጥን አወጣችው። ሞተሩ ተነሳ። ጠፋ። ቱቦውን እየፈለገች ነው፤ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት። ጋቢህን ነገ ለመያዝ ልታራግፈው ይሆናል፤ የአልጋው ብረት ሲጥ አለ።

ጸጥ አለ። ጋቢ ሲፈታ ድምፅ የለውም፣ እኔ ግን ሰማሁት።

አባዬ፣ እየሳቀች ነው። ወይ እያለቀሰች ነው፤ በግድግዳ አይለይም። እየመጣች ነው። ኮሪደሩ ላይ ነች። በሩን ከፈተችው፤ ጋቢህን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ቱቦውን እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ ጉልበቴ ላይ ያለውን እያየች፣ ዓይኗ

«ማህሌት ደምሴ! ተነሽ። መስታወት ውስጥ ከመግባቱ በፊት እኔም ልስማው።»