ቦቴዋና እኔ ስንሰናበት

ጥር 5፣ ሰመራ
ደብተር ገዛሁ። የማታ ትምህርት ከጨረስኩ አሥረኛ ቀኔ። እንደኔ ፈጥኖ ፊደል የለየ በክፍሉ አልነበረም። (አንዲት ሴትዮ ነበሩ... እሳቸው አይቆጠሩም።)
ከሠራዊቱ ከተሰናበትኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ስነዳት የኖርኩት የውሃ ቦቴም አብራኝ ተሰናበተች፤ ለውሃ ጽሕፈት ቤት ተሰጠች። ነጭ ቀለም ቀቧት። ሙሽራ መስላለች!

ጥር 7
የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ይገዙ፣ «የአንድ ወር ሙከራ ነው። ውሃው አርብቶ አደሮቹ ጋ ከደረሰ ትቀጠራለህ» አሉኝ። እኔን በሙከራ?
ለሚስቴ ለየሻረግ ደወልኩ። እኔ ከካምፕ ካምፕ ስዞር አዋሽ ሰባት ኪሎ ቁጭ ብላ አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቀችኝ።
«ከተቀጠርክ ዕቃዬን ጭኜ እመጣለሁ። እስከዚያ ጉራህን ቀንስ።»
የኔ ጀግና...

ጥር 14
አፈርኩ። ወደ አዳይቱ ስነዳ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። አልቆምኩም። ጭነት ይዘህ መንገድ ላይ አትቆምም፤ ውትድርና ያስተማረኝ ይሄንን ነው። ደረስኩ... ሰው የለም። አመድና የፍየል በጠጥ ብቻ። ውሃዬን እንደያዝኩ ተመለስኩ።
አቶ ይገዙ፣ «ከደገመህ ሌላ ሾፌር እፈልጋለሁ።»
አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። እኔ!

ጥር 15
ሽማግሌውን ፈልጌ አገኘኋቸው። ሙዓዊያ ይባላሉ።
«አንተ ወታደር፣ ትናንት ማን እያባረረህ ነበር?»
ይቅርታ ጠየቅኩ።
«ሰዎቹ ለግጦሽ በጭፍራ በኩል ዞረዋል። ልነግርህ ነበር። እኛ ጋ ሰው ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ዳጉ ይለዋወጣል። ከየት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ? ሳይባባል አይተላለፍም።»
ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ አፌን ዘግቼ! የት ጋ እንደምታጠፍ፣ የትኛው አሸዋ እንደሚይዝ... ሁሉን ነገሩኝ። ከሰዓት በኋላ ውሃው ደረሰ።

የካቲት 8
ተቀጠርኩ! በአውራ ጣት ሳይሆን በፊርማ። አቶ ይገዙ፣ «ፊርማህ ገጹን ሞላው እኮ» አሉ። ታዲያስ?

የካቲት 12
የሻረግን ከመናኸሪያ ተቀበልኳት። ፍራሽ፣ ሁለት ድስት፣ አንዲት የተቆጣች ዶሮ።
ቤት እንደገባን ስለራሴ ላወራ አፌን ከፈትኩ... ተውኩት።
«አንቺስ? ያን ሁሉ ጊዜ ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»
አየችኝ። «ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»
«አላውቅም።»
«ከየትኛው ዓመት ልጀምር?»
«ከመጀመሪያው።»
አሁን አራተኛው ዓመት ላይ ደርሳለች። ደብተሩን አስቀምጥና ስማኝ አለች።
ላስቀምጥ።