በሩቅ ኮከቦች ዙሪያ ምድር የፈለጉት የመምህርት አስካለ ወልደማርያም የሕይወት ታሪክ

መምህርት አስካለ ከአባታቸው ከአቶ ወልደማርያም ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺ ደምሴ፣ በቀድሞው ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ፣ በቀወት፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ባለች መንደር መስከረም 21 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው የማሽላ ማማ ላይ ቆመው ወፍ ይጠብቁ ነበር፤ ወንጭፋቸው ዒላማ እንደማይስት እኩዮቻቸው እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ።

አንደኛ ደረጃን ሸዋ ሮቢት፣ ሁለተኛ ደረጃን ደብረ ብርሃን ተምረው በመምህርነት ሠለጠኑ። የደጋው ብርድ አልተስማማቸውምና ወደ ቆላቸው ተመልሰው ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመታት ሒሳብና ፊዚክስ አስተማሩ። ያኔ የክፍሉ ቆርቆሮ ሲግል ተማሪውን ማንጎው ሥር አውጥተው፣ ሰሌዳውን ግንዱ ላይ አስደግፈው ያስተምሩ ነበር። ያን ጥላ የማይናፍቅ የሮቢት ጎልማሳ ጥቂት ነው።

በ1974 ዓ.ም. የወባ መከላከያ ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ሽፈራው መኩሪያ ጋር ተጋብተው ታምራትንና ዮርዳኖስን ወለዱ። ባለቤታቸው በ2005 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጆቹ በሥራ ርቀው ነበርና ቤቱ ጭር አለባቸው።

ጡረታ በወጡ በዓመቱ ወረቀት ኮፒ ለማድረግ የቀድሞ ተማሪያቸው አብዱልወሃብ ኮምፒውተር ቤት ጎራ አሉ። እሱም በህዋ ላይ ያለ ቴሌስኮፕ የለካውን የከዋክብት ብርሃን ፈቃደኞች የሚመረምሩበትን ድረ ገጽ አሳያቸው። አንድ ኮከብ በተወሰነ ቀን ልዩነት እየተመላለሰ ጥቂት ከደበዘዘ፣ ፊቱን አቋርጦ የሚያልፍ ፕላኔት ሊኖር ይችላል። «እትዬ፣ ይኼ እኮ የእርስዎ ሥራ ነው» ቢላቸው፣ «እስቲ ወንበር አምጣ» አሉት። ከዚያች ቀን ወዲህ ያን ወንበር የተቀመጠባቸው የለም። ለጠየቃቸው ሲያስረዱ የማሽላ ፍሬ አምፖል ፊት ይዘው፣ «ብርሃኑ ቀነሰ?» ይላሉ። «ኧረ አልቀነሰም» ሲባሉ፣ «ቀንሷል፤ ዓይናችን ነው ያልደረሰበት።»

በ2011 ዓ.ም. በየአርባ ሦስት ቀኑ የሚደበዝዝ ኮከብ አገኙ። የድረ ገጹ ተመራማሪዎችም ምድርን የሚያህል፣ ውሃ ሳይተንና በረዶ ሳይሆን ሊኖርበት የሚችል ፕላኔት ሳይሆን እንደማይቀር ጻፉላቸው። ወሬው ከጀውሃ እስከ ካራቆሬ ተሰማ፤ ትምህርት ቤቱ ስማቸውን ጨርቅ ላይ ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለ። ባጃጅ ነጂው ሱሌይማን «ወደ አዲሲቷ ምድር ላድርስዎ?» እያለ ያስቃቸው ነበር።

በዓመቱ ሌላ ደብዳቤ መጣ። በትልቅ ቴሌስኮፕ ሲጣራ፣ ድብዘዛውን ያመጡት ከኮከቡ ኋላ እርስ በርስ እየተጋረዱ የሚዞሩ ሁለት ከዋክብት ሆነው ተገኙ፤ ፕላኔት አልነበረም። ደብዳቤውን ያየው አብዱልወሃብ ብቻ ነበርና «ዝም ቢሉስ? ማን ያውቃል?» አላቸው። «ልጆቹ እውነት መስሏቸው ፈተና ላይ ይጽፉታል» ሲሉ መለሱለት። በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄደው የተማሪዎቹ ሰልፍ ፊት ቆመው፣ «ፕላኔት አይደለም። ተሳስቻለሁ። ጨርቁን አውርዱልኝ» አሉ። ከሰዓት በኋላ ግን ሥራቸው ላይ ተገኙ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ፣ ልብሳቸውን ትተው የኮከብ መዝገብ የሆኑትን ሰባት ደብተሮች ይዘው ወደ ደብረ ብርሃን ሸሹ። ሲመለሱ የአብዱልወሃብ ቤት ባዶውን ቀርቶ ነበር። ዮርዳኖስ በገዛችላቸው ስልክ፣ መነጽራቸውን ደራርበው ቀጠሉ። በ2016 ዓ.ም. ከሌሎች አራት ፈቃደኞች ጋር የጠቆሙት ኮከብ እስካሁን በመጣራት ላይ ነው።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ። በመጨረሻው ሰሞን ዮርዳኖስ፣ «እማዬ፣ መልሱ ሳይመጣ» ብላ ዕንባ ቢቀድማት፣ «ይመጣል፤ አይደለም ቢሉም መልስ ነው» ብለው እጇን ያዙ።

የሁለት ልጆች እናት፣ የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ሰማይን ያለ ምሰሶ የዘረጋ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ዘንድ ያኑርልን፤ ለልጆቻቸው፣ ለአብዱልወሃብና ላስተማሯቸው ሁሉ መጽናናቱን ያድልልን። አሜን።