እጅ የለመደች ጅግራ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ወገቤ ተቆረጠ። ሙቀቱ አላስቆም አላስቀምጥ እያለኝ ከጉድጓድ ውሃ ስቀዳ ዋልኩ፤ ግማሹ ለማንጎዎቹ፣ ግማሹ ጅግሮቹ ለሚጠጡበት ገንዳ። ድሬን ለቅቄ እዚህ ማሳ ላይ ከሰፈርኩ ጀምሮ ውሃና ማሽላ እያስቀመጥኩ አላመድኳቸው። አሁን እግሬ ስር ይለቅማሉ።

ማምሻውን ጎረቤቴ አብዲ አንዷን እግሯን አስሮ ይዟት መጣ።

«እትዬ፣ እኛ ያረድነውን ስለማትበዪ ከነነፍሷ አመጣሁልሽ። ወላሂ ወጥመድ እንኳን አላስፈለጋትም፤ ማሽላ ባሳያት ራሷ እጄ ላይ መጣች!»

ምን ልበለው? ለእኔ አስቦ ነው። ጾም ነው እንዳልል በዓለ ሃምሳ ላይ ነን። አመስግኜ ተቀበልኩት።

እሱ እንደሄደ ፈታኋት። «ሂጂ» አልኳት። አጨበጨብኩባት፣ ነጠላዬን አራገብኩባት። ትንሽ ፈቀቅ ብላ ተመልሳ እግሬ ስር ቆመች።

ነገ አብዲ «እንዴት ነበረች?» ማለቱ አይቀርም። ያኔ እዚሁ ስትለቅም ካገኛትስ? ሌሎቹንስ እንደሷ ቢይዛቸው ማን ይፈታቸዋል?

ሰው መፍራት አለባት። ጎንበስ ብዬ ድንጋይ አነሳሁ።

ማሽላ መስሏት አንገቷን አስግጋ ወደ እጄ መጣች።