ማህሌት ባሕር ስታጠና

ተስፍዬ፣

ሁለት ፋሲካ ያላንተ ፈሰክን። ጥቁሩን አላወለቅኩም። ሰው አውልቂው ይለኛል፤ ማውለቁም ድካም ሆነብኝ። አሁንም ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ጽዳት ላይ ነኝ። ስመለስ ባቡር ውስጥ እንቅልፍ ይወስደኝና መውረጃዬን ሰቨን ሲስተርስን አልፌ እነቃለሁ። ቀስቃሽ የለኝም።

ቤቱ ያው ነው። የቤት ማሞቂያው ቦይለር ተቀየረ። ወንበርህን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ከዚያ መልሼ አዞርኩት።

ልጅህ ማህሌት ግን ዩኒቨርሲቲ ገባች። እዚህ ለንደን አይደለም፤ እዚሁ እንግሊዝ በባሕር ጠረፍ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ። የምታጠናው የባሕር እንስሳትን ነው። እትዬ ዘውዴ ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ይህን ሁሉ የተማረችው ዓሣ ልትቆጥር ነው ወይ፣ ፋርማሲ ብታጠና ምን አለበት፣ አሉኝ። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። በደወለች ቁጥር ሸርጣን ያዝኩ፣ ቀንድ አውጣ ሰበሰብኩ ትለኛለች። ኦሪት የከለከለውን፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ሁሉ። ጠበል ትጠመቅ ወይ ብዬ የነፍስ አባታችንን ጠየቅኩ። ሳቁብኝ። «አትብላው እንጂ፣ ብታየውማ የፈጠረው ማን ሆነና» አሉ።

ምጽዋ መርከበኛ ሆነህ ያን ያህል ዓመት ኖረህ ስለ ባሕር አታወራም ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እየተኮስክላት፣ ውሃው በጨለማ እጅ ሲነካው ያበራል አልካት። ውሸታም አለችህ። ለካ የሚያበሩት በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ፍጥረታት ናቸው። ተምራው ደወለችልኝ። «አባዬ አልዋሸም» አለች።

ዘንድሮ ለፋሲካ መጥታ ትምህርቱን ልተወው አለች። አንቺን ብቻሽን ትቼ አልችልም፣ ለንደን ሌላ ትምህርት እፈልጋለሁ አለች። ደስ አለኝ፣ ተስፍዬ። በር ላይ ቁልፍ ሲዞር መስማት ናፍቆኛል። እሺ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደረሰ። መጀመሪያ ቦታውን ልየው አልኳት።

ሄድኩ። ነፋስ ነው። ባሕሩ ሸሽቶ ድንጋዩ ሁሉ ተገልጦ ነበር። ያንን አረንጓዴ የሚያዳልጥ ድንጋይ ሳታየው ትራመድበታለች፤ እኔ እጇን ይዤ እንኳ እወድቃለሁ። ድንጋይ እያነሳች ከሥሩ የተጣበቀውን ፍጥረት አሳየችኝ። እኔም አንዱን ገለበጥኩና ትቼው አለፍኩ። ተመልሳ በነበረበት ፊቱ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። ምን ቸገረሽ አልኳት። «የታቹ ፀሐይ አይችልም፣ የላዩ ጨለማ አይችልም» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። «እንዲህ ከተውነው ሁለቱም ይሞታሉ፣ እማዬ።»

ድንጋዩን ሳይሆን እሷን አየሁ። ጉልበቷ ረጥቧል። ፊቷ ላይ፣ አንተ ከሞትክ ወዲህ ያላየሁት ጸጥታ አለ። ለንደን ይዣት ብመለስ ይህ ፊት አብሮን አይመጣም።

እዚሁ ጨርሺ አልኳት።

«ትችያለሽ?»

እችላለሁ አልኳት። መቻሌን አላውቅም። ደክሞኛል።

ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስምህን የሚጠራ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ እኔ እጠራሃለሁ፤ በልቤ ሳይሆን በድምፅ፣ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ግድግዳው እንኳ እንዳይረሳህ። ጎረቤት ቢሰማኝ ይስማ።

ያንተው፣
አልማዝ